የስለቱ ፀጉርና ሲስተር ከዲጃ

ሲስተር ከዲጃ ሞተች ሲሉኝ መጀመሪያ የመጣብኝ ንዴት ነው፤ እንባው ኋላ ነው የመጣ። ገዳሪፍ ውስጥ ከአንድ መጋዘን ጥላ ሥር ተቀምጬ ሰሊጥ አበጥር ነበር። ወሬውን ያመጣችው ከገላባት ዕቃ የምታመላልስ ሴት ናት። «ያቺ መርፌ የምትወጋው አሮጊት አረፈች፤ ትናንት ቀበሯት» አለችኝ፣ ስለ ዝናብ እንደምታወራ ሁሉ። ወንፊቱን አስቀምጬ «ምነው ሳትነግረኝ?» አልኩ።

ሴትዮዋ ሳቀችብኝ። «ሊሞቱ ሲሉ ነው እንዴ የሚናገሩ?»

እኔ ግን የምሬን ነው። ከዲጃን ያወቀ ያውቀዋል። የሰውን ጉዳይ ሁሉ የምትናገረው እሷ ነበረች። ውሃ አልጠጣሽም፣ ጥፍርሽን አልቆረጥሽም፣ ልጅሽ ከሳች፣ ሹሩባዋ ላላ፣ ስለትሽ ቆየ። የራሷን ጉዳይ ግን አትናገርም። ባወቅኋት ዘመን ሁሉ አንድ ቀን ብቻ ነው አንድ ነገር ያወጣችልኝ፤ እሱም ሲያናድደኝ ይኖራል።

ከዲጃ የመተማ ልጅ ናት። አማርኛዋ የኛው የጎንደሮቹ ነው፤ ስትቆጣ ግን ወደ ዓረብኛ ትሻገራለች። በረሃቡ ዘመን ሕዝቡ ድንበር ተሻግሮ በየካምፑ ሲወድቅ፣ ከውጭ ከመጡ ሐኪሞች ጎን ቆማ መጀመሪያ ውሃ እያቀበለች፣ ኋላ መርፌ እያቀበለች፣ በመጨረሻ ራሷ እየወጋች ነው ሙያውን የለመደችው። ወረቀት ይኑራት አይኑራት አላውቅም። እኔ ሳውቃት ገዳሪፍ ከሰሊጥ ገበያው ጀርባ ባለች ትንሽ ክሊኒክ ትሠራ ነበር። አጭር፣ ጠይም፣ የሱዳን ሴቶች የሚከናነቡትን ቶብ ወገቧ ላይ ጠምጥማ የምትታጠቅ፣ ሰውን ከእግሩ እስከ ራሱ የምታይ ሴት ናት። ባል ነበራት፣ ሞቶባታል። ልጅ አልወለደችም።

ቁስልም ታጥባለች፣ ክኒንም ትሰጣለች። የሚጠሯት ግን ደም ሥር ሲጠፋ ነው። ያላየ ሰው ይሄ አይገባውም። በኸሪፍ፣ በዝናቡ ወራት ማለቴ ነው፣ ወባውና ተቅማጡ ሰውን ይጨርሰዋል። ሰው ውስጡ ያለው ውሃ ሲያልቅ ደም ሥሩም ይከሳል፣ ወደ ውስጥ ይገባል፣ ይደበቃል። በአፉ የሰጡት አይቆይለትም። በሥሩ እንዳይሰጡት ሥሩ የለም። ግሉኮሱ ከላይ ተሰቅሎ፣ ሰውዬው ከታች ተኝቶ፣ በመሃል የሚያገናኛቸው ጠፍቶ ሰው ይሞታል። ያን ጊዜ ነው «ከዲጃን ጥሩ» የሚባለው።

ስትጠራ ደግሞ አትሮጥም። የምታናድደው እዚህ ላይ ነው። ቀለበቷን ታወልቅና የቶቧ ጫፍ ላይ ትቋጥራለች። እጇን በሳሙና እስከ ክርኗ ትታጠባለች። በርጩማ ታስመጣለች። ቆማ ወግታ አታውቅም። «ቆሞ የሚወጋ የሚሄድበት ያለው ሰው ነው» ትላለች። ከተቀመጠች በኋላም መርፌውን አታነሣም። የታመመውን ሰው ክንድ ይዛ፣ አንድ ጊዜ በመዳፏ፣ አንድ ጊዜ በጣቷ ጫፍ ትዳስሳለች፤ ጨርቅ ልትገዛ የመጣች ነው የምትመስል። ቤተሰቡ ከጎን ይንጨረጨራል። እሷ «ሥሩ ችኩል ሰው አይወድም» ብላ መዳሰሷን ትቀጥላለች።

ከሁሉ የምትጠላው ሳይቸግረው ግሉኮስ የሚለምናትን ሰው ነው። እኛ ሰፈር ይሄ ልማድ ሆኖ ነበር። ሰው ከመንገድ ሲመለስ፣ ሰርግ ሲውል፣ ትንሽ ሲደክመው፣ ጉልበት ይሰጣል እያለ ሄዶ ያስተክላል። አንድ ቀን ተራ ስጠብቅ አንድ ወፍራም የሰሊጥ ነጋዴ ጃላቢያውን እያርገበገበ ገባ።

«ሲስተር፣ ደክሞኛል። አንድ ድሪብ ስቀዪልኝ» አላት። ግሉኮሱን ሱዳኖች እንደዚያ ነው የሚሉት።

«ቁርስ በልተሃል?»

«በልቻለሁ።»

«በእግርህ ነው የመጣህ?»

«በመኪና ነው እንጂ።»

«እንግዲያ የደከመው መኪናው ነው። ውሃ ጨምርለት።»

የተቀመጠው ሰው ሁሉ ሳቀ። ሰውዬው ሊቆጣ ሲል ክንዱን ይዛ ገለበጠችውና በጣቷ መታ መታ አደረገችው። «ይሄን አየኸው? ለክፉ ቀን ነው የተሰጠህ። ዛሬ ለጉራ ብለህ ስታስበሳው ይጠነክራል፤ ነገ በቃሬዛ ሲያመጡህ ይዘጋብሃል። ያን ጊዜ ከዲጃን ጥሩ ትላለህ። እኔ ደግሞ ያን ጊዜ ቁርሴን እየበላሁ እሆናለሁ።»

እኔም ከአጨዳ ተመልሼ ወገቤ ተቆርጦ ግሉኮስ ብጠይቃት አንድ ጆግ ሙሉ ውሃ ሎሚ ጨምቃበት፣ ጨውና ስኳር በጥብጣበት ፊቴ አስቀመጠች። ቤቴ ወስጄ እጠጣለሁ ብላት «አይሆንም፣ ስትውጪ ልየው» አለች። እዚያው ቆማ እስከ መጨረሻው አስጠጣችኝ። ሆዴ ከበሮ ሆኖ፣ እየረገምኳት ወጣሁ።

አሁን የልጄን የብርቱካንን ነገር ልናገር።

ከብርቱካን በፊት ሁለት ልጆች ቀብሬአለሁ፤ ሁለቱም ዓመት ሳይሞላቸው። እሷን ስፀንስ አርማጭሆ ላለው ላገሬ ገብርኤል ተሳልኩ። ይቺን ካኖርክልኝ ፀጉሯን ምላጭ ሳላስነካ ያንተ ደጅ ድረስ አመጣታለሁ፣ እዚያ ትላጫለች አልኩ። ስትወለድ ደግሞ ፀጉራም ሆና ተወለደች። ሌላው ሰው ልጁን ይላጫል፣ ቁንጮ ያስቀምጣል፤ የኔዋ እንደ በግ ጠጉር ተከምሮባት ነው ያደገች። እኔም በየቀኑ ቅቤ እቀባታለሁ።

ዓመት ከአራት ወሯ ላይ፣ ኸሪፉ ሲገባ፣ ትውከትና ተቅማጥ ያዛት። አባቷ ከከተማ ርቆ ለአረም ሥራ ወጥቷል። ውሃ ስሰጣት ያው ተመልሶ ይወጣል፣ ስከለክላት ደግሞ ቀነስ ያለላት ይመስለኛል። ስለዚህ ከለከልኳት። እናቴም እንዲሁ ስታደርግ ነው ያየሁ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ዓይኗ ጎደጎደ፣ ስታለቅስ እንባ የላትም። በጀርባዬ አዝዬ ያንን የገዳሪፍ ጥቁር ጭቃ በባዶ እግሬ እየነቀልኩ ክሊኒኩ ደረስኩ።

ሐኪሙ ጥሩ ሱዳናዊ ነበር፣ አልወቅሰውም። ግራ እጇን ወጋ፣ የለም። ቀኝ እጇን ወጋ፣ ደም ብቅ አለና አበጠ። ክርኗ ላይ ሞከረ። እግሯ ላይ ሞከረ። ላቡ ከግንባሩ ይንጠባጠባል። በአራተኛው ላይ ልጄ ማልቀስ ተወች። እስከዚያ ለቅሶዋ ነበር የሚያስፈራኝ፤ ዝም ስትል ነው ፍርሃት ምን እንደሆነ ያወቅሁ።

«ከዲጃን ጥሩ» አለ።

ከጓሮ መጣች። ፉል ስትበላ ነው የጠሯት፤ አፏን በቶቧ እየጠረገች ገባች። ልጄን አየቻት፣ ሐኪሙን አየችው፣ «ከአሁን በኋላ ማንም እንዳይነካት» አለች። ከዚያ ቀለበቷን ማውለቅ ጀመረች። ከዚያ እጇን መታጠብ። ከዚያ በርጩማውን።

«ውሃ መቼ ነው የጠጣች?» አለችኝ።

«ትናንት ጠዋት።»

«ከዚያ ወዲህስ?»

«ሲወጣባት ጊዜ ከለከልኳት።»

«ባልዲ ሲያፈስ ውሃ ይጨምሩበታል ወይስ ይከለክሉታል?»

«አሁን ነው የምትገሥጪኝ?» አልኳት።

«አሁን ነው። ስትድን ትረሺዋለሽ።»

ስኳርና ጨው የተበጠበጠበት ኩባያና ማንኪያ እጄ ላይ አስቀመጠች። «በከንፈሯ ጠብ ጠብ አድርጊላት፣ እንዳያንቃት። ስትውጥ ንገሪኝ።» ሞቅ ያለ ውሃ በወተት ጣሳ አስመጣችና የልጄን እግር ነከረችው። ጣሳ ውስጥ የልጅ እግር ነክራ ዝም ብላ ተቀመጠች። ልታጥባት ነው የመጣች ልትሉ ትችላላችሁ።

«ሲስተር፣ ውጊያት እንጂ» አልኩ።

«ምን ልውጋ? ሥሩ በርዶት ተሸሽጓል። ይሙቀው።»

እግሯን አወጣች፣ አደረቀች፣ ጣቷን በውስጥ በኩል ከቁርጭምጭሚቷ አጥንት ፊት ለፊት አኖረች። «እዚህች ላይ አላህ ለሁሉም ሰው አንድ አስቀምጧል። ባይታይም አለ።» ዓይኗን ጨፍና ዳሰሰች፣ አገኘችው መሰለኝ፣ ወጋች። ደም ትንሽ መጣ። ደስ ሊለኝ ሲል ቆመ፣ ቦታው አበጠ። አወጣችው።

ተነሣችና እንደገና እጇን ልትታጠብ ሄደች።

«ምን ትታጠቢያለሽ?» ብዬ ጮህኩባት። «እጅሽ ንጹሕ ነው። ልጄ ናት የምትሞት።»

ጀርባዋን ሰጥታኝ ረጅም ጊዜ ታጠበች። ተመልሳ ስትቀመጥ ጣቷን ልጄ ፀጉር ውስጥ ከተተችው፣ አናቷ ላይ እርግብግቢቷን ፈልጋ አገኘች። ጉድጓድ ሆኗል። «ይሄን አላየሽም?»

«ፀጉሯ ሸፍኖት…»

«የቀረን ራሷ ነው። የሕፃን ራስ ላይ ሥር አይጠፋም። ምላጭ አምጡ።»

ሁለት እጄን ልጄ ራስ ላይ ጫንኩ። «አይሆንም» አልኩ። «የስለት ነው።»

ሐኪሙ ነገሩ ሲገባው በዓረብኛ ልጅቷን ከእናቷ ውሰዷት አለ። እኔም ዓረብኛ አይጠፋኝም፤ አጥብቄ ያዝኳት። ያበድኩ እንዳይመስላችሁ። ሁለቱን የቀበርኳቸው ላጭቼ ነው። ይቺን ያቆየልኝ ፀጉሯ ነው ብዬ አምን ነበር። ምላጭ ከነካት በዚያው ቅጽበት የምትሄድብኝ ነበር የሚመስለኝ።

«መዓለሽ ሐኪም፣ አንድ ጊዜ ታገሠኝ» አለችው ከዲጃ። ወደኔ ዞረች። «ለማን ነው?»

«ለገብርኤል።»

«የት ያለው?»

«አርማጭሆ።»

«ሩቅ ነው» አለች፣ እንደሚሄድ ሰው። ፀጉሩን በጣቷ ፈተገችው። «ቅቤ ነው?»

«ቅቤ ነው።»

«ፕላስተርም አይዝበት።» ሁለት እጇን ጭኗ ላይ ጫን አደረገች። ከዚያ «ማበጠሪያ አምጡልኝ» አለች።

ማበጠሪያ። መጀመሪያ በትክክል የሰማሁ አልመሰለኝም። ማበጠሪያውን አመጡላት፣ የልጄን ራስ ጭኗ ላይ አስደገፈች፣ ከግራ ጆሮዋ በላይ ፀጉሩን ከፈለችና ሹሩባ መሥራት ጀመረች። ከግንባሯ ወደ ኋላ፣ ጠበቅ አድርጋ፣ ልክ ለበዓል እንደምትሠራት። አንዱን ጨረሰች። ሁለተኛውን ጀመረች።

ያን ቀን ያልኳትን ሁሉ አልጽፈውም። አንዱን ግን እጽፋለሁ፣ ሳፍርበት ስለምኖር። «ልጅ ያልወለደ እጅ ምን ያውቃል» አልኳት። ሐኪሙ አማርኛ አይሰማም፤ እሷ ግን ሰማች። አንገቷን እንኳ ሳታዞር «ጠብ አድርጊላት። ዋጠች?» አለችኝ።

«ዋጠች።»

«ጨምሪላት።»

ሦስተኛውን ስትጨርስ ፀጉሩ ተወጥሮ ተከፍሎ፣ በመጀመሪያውና በሁለተኛው ሹሩባ መካከል የራሷ ቆዳ እንደ እግር መንገድ ነጣ ብሎ ታየ። ግንባሯ ዙሪያ ላስቲክ አሰረች። በዚያች ነጭ መንገድ ላይ ቀስ እያለች አንዲት አረንጓዴ ክር የመሰለች ነገር ብቅ አለች። ጎን ለጎን ሁለት ናቸው። ጣቷን በየተራ አኖረችባቸው። «ይቺ ትመታለች፣ ከልብ የምትመጣ ናት፣ አንነካትም። የኛዋ ዝም ያለችው ናት» አለች፣ ለራሷ።

መርፌዋ ፈራሻ የሚሏት፣ እንደ ቢራቢሮ ክንፍ ያላት ናት። ክንፎቿን በሁለት ጣቷ ያዘችና አስገባች። ደሙ በቀጭኗ ቱቦ ወደ ኋላ መጣ። ሐኪሙ «አልሐምዱሊላህ» አለ። እሷ አላለችም፤ ገና ላስቲኩን ትፈታለች። ቱቦዋን በሹሩባው ሥር አሳለፈች፣ የሹሩባውን ጫፍ በላይዋ አጥፋ በክር አሰረችው። በቅቤው የተነሣ ፕላስተር የማይዘውን ቱቦ ፀጉሩ ያዘው። ሦስቱም ሹሩባ ያንን ሲሠራ አየሁ፤ አንዱ ሥሩን ገለጠ፣ አንዱ ቱቦውን ያዘ፣ ሦስተኛው ሌላው ፀጉር እንዳይመለስ አገደ። ግሉኮሱ ጠብ ጠብ ማለት ጀመረ።

ፀሐይዋ መስኮቱን እስክታልፍ ድረስ ከበርጩማው አልተነሣችም። ብርቱካን ጭኔ ላይ ነበረች። በኋላ ቀሚሴ ሞቀኝ።

«ምነው?» አለች ከዲጃ።

«ሸናችብኝ» አልኩ።

ያን ጊዜ ሳቀች። ስትስቅ ያየኋት ያኔ ነው የመጀመሪያው፤ የፊት ጥርሷ የተሸረፈ ነው። ብርቱካን ሳቋን ሰምታ ደንግጣ አለቀሰች። እንባዋ መጣ። ተንበርክኬ እግሯን ልስም ስል ከዲጃ እግሯን ሰበሰበች። «ሂጂ ጥፍርሽን ቁረጪ። ጥቁር ነው። ልጅ የምትታመመው ከዚያ ነው» አለችኝና የቀዘቀዘ ፉሏን ልትጨርስ ወጣች። ምስጋናዬን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። እንዲህ ያለች ሴት ናት።

ከዚያ ወዲያ መከራዬ ተጀመረ። ገበያ ላይ ባገኘችኝ ቁጥር መጀመሪያ የብርቱካንን ሹሩባ ትይዛለች። «ማን ነው የሠራው? ይሄ የእንቅልፋም ሥራ ነው» ትልና እዚያው መንገድ ላይ አስቀምጣ ትፈታዋለች፣ አጥብቃ ትሠራዋለች፤ ልጅቷ ዓይኗ ወደ ላይ ይሳባል። ከዚያ ወደኔ ዞራ «ኡም ብርቱካን፣ መልአኩ ደኅና ነው?» ትለኛለች፤ የብርቱካን እናት ማለቷ ነው።

«ምን አውቄ ሲስተር።»

«ሄደሽ አላየሽዋ። ያን ቀን ምላጬን ያስጣልሽኝ ለምን ነበር?»

«መንገዱ፣ ወረቀቱ…»

«መንገዱን እኔ አውቀዋለሁ። አውቶብስ አለው።»

ባሌ ይስቃል። እስላሟ ሴትዮ ካንቺ ይልቅ ለገብርኤል ትቆረቆራለች ይላል። እኔ ግን የማልናገረው ነገር ነበረኝ። ወረቀቱም መንገዱም ሰበብ ነው። ፀጉሯ ከተላጨ፣ ስለቱ ካለቀ፣ ከዚያ በኋላ ማን ይጠብቃታል? ይሄን ለባሌ እንኳ አልነገርኩም። ከዲጃ ግን አንድ ቀን የብርቱካንን ጎፈሬ ስትከፍል፣ ፊቴን ሳታይ፣ «መልአኩ እንዳይሄድብሽ ፀጉሩን መያዣ አድርገሽዋል አይደል?» አለችኝ። ሰላምታ ሳልሰጣት ልጄን ጎትቼ ሄድኩ። ሁለት ወር አኮረፍኳት። ማኩረፌን አላወቀችም።

ብርቱካን ሰባት ዓመቷ ላይ፣ ከዚህ ንዝንዝ መልአኩ ይሻላል ብዬ ተነሣሁ። በገላባት አድርገን፣ መተማን ተሻግረን፣ ለታኅሣሥ ገብርኤል ደረስን። ፀጉሯ ወደቀ። ለሳምንት ሌሊት ሌሊት ትንፋሿን ሳዳምጥ ሰነበትኩ። ልጅቷ ምንም አልሆነችም፤ ራሴን በረደኝ ብቻ ነው ያለች።

ስንመለስ ያገሬን ማር ይዤ ክሊኒኩ ሄድኩ። ከዲጃ የብርቱካንን የተላጨ ራስ በመዳፏ ዳሰሰችው፤ ከግራ ጆሮዋ በላይ ያለችውን ቦታ ሳታይ አገኘቻት።

«ያን ቀን ለምን ሹሩባ እንደሠራሁ ታውቂያለሽ?» አለችኝ።

«ለስለቴ ብለሽ ነዋ።»

«አይደለም። እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር።»

ማሩን ፊቷ አስቀመጥኩ።

«በዚያው ሳምንት አንድ ሕፃን አምልጦኛል። ያንቺዋን እግሯ ላይ ስስት እጄ አልታዘዝ አለኝ። ለዚያ ነው ስታጠብ የቆየሁ። ምላጭ ስል ምላጩን እንዴት እንደምይዘው አላውቅም ነበር። አንቺ ስትከለክዪኝ ተገላገልኩ። ፀጉር ሲይዝ እጄ አይንቀጠቀጥም፤ የእህቶቼን ስሠራ ነው ያደግሁ። ሦስተኛው ላይ ጸጥ አለልኝ።»

«እንግዲያ ይሄን ሁሉ ዓመት በስለቴ ምን አንገበገበሽ?»

«ስሠራት እኔም ቃል ገባሁ። ያ ረቢ፣ ይቺን ተውልኝ፣ እናቷን አገሯ ድረስ እሰዳታለሁ አልኩ። አንቺ ስትቀሪ የኔ ቃል ነው የሚቀር።»

«ይሄን ብትነግሪኝ ኖሮ በዓመቱ እሄድልሽ ነበር።»

«ለኔ ብለሽ ከሄድሽ ያንቺ ስለት ምን ሊሆን ነው?» አለችና የማሩን ክዳን ከፈተች። በጣቷ ቀመሰች። «ውሃ ገብቶበታል» አለች። አልገባበትም ነበር።

ዓይኗ ሲደክም ሥራውን ተወችና ገላባት የእህቷ ልጅ ቤት ገባች። ከገላባት ሰው በመጣ ቁጥር መልእክት ትልክብኛለች። ብርቱካንን አጠጫት፣ ሹሩባዋን አጥብቂ። ብርቱካን እኮ ትልቅ ሰው ሆናለች፣ አግብታለች።

ሞቷን በሰማሁ ማግስት ከብርቱካን ጋር ተነሣን። አውቶብሱ መንገድ ላይ ተበላሸ፣ ግማሽ ቀን ፀሐይ ላይ ቆምን። ሰዉን ሁሉ ተቆጣሁ፣ ሾፌሩን፣ ጎማውን፣ ከዲጃን። ገላባት ስንደርስ ለቀስተኛው ሳስቷል። ሴቶቹ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል። የእህቷ ልጅ ተነሥታ ተቀበለችን፣ አላወቀችንም።

«ምኗ ናችሁ?» አለች።

ጎረቤት አይደለሁ፣ ዘመድ አይደለሁ። ብርቱካን በዓረብኛ «ልጇ ነኝ» አለች።

ሴቶቹ ተያዩ፤ ከዲጃ እንዳልወለደች ሁሉም ያውቃል። ቦታ ግን ለቀቁላት። እኔ ያን የክሊኒክ ቀን ያልኳትን አስታውሼ ፊቴን በነጠላዬ ሸፈንኩ።

የእህቷ ልጅ አሟሟቷን ነገረችን። እንዴት እንደታመመች፣ ውሃ እምቢ እንዳለች፣ በመጨረሻም ሐኪሙ ክንዷ ላይ ሥር ፈልጎ ሲያጣ እዚህ ጋ ሞክር እያለች በዓይኗ ስታሳየው እንደነበር። «ከዚያ አጠብናት፣ ፀጉሯን ሦስት ሠርተን ወደ ኋላ አደረግንላት፣ ከፈንናት» አለች።

«ሦስት?» አለች ብርቱካን። ይሄን ታሪክ ስንት ጊዜ ነግሬአታለሁ።

«በኛ ሴት ስትሞት እንደዚያ ነው።»

«ጠብቋል?» አልኩ እኔ።

የእህቷ ልጅ አየችኝ። «ለሞተ ሰው ምን ይጠበቃል፣ እናቴ? ላላ አድርገን ነው።»

ይሄን አልወደድኩም። ስንመለስ በመኪናው ውስጥ ዝም ማለት አቃተኝ። ላላ ይላሉ እንዴ? እሷ ብትሆን ከመቃብር ተነሥታ ፈትታ እንደገና ታሠራቸው ነበር። እንዴት አንድ የሚያውቃት ሰው እዚያ ቤት ይጠፋል? ትንሽ ቀደም ብለን ብንደርስ፣ እስላም ባልሆን እንኳ በሩ ላይ ቆሜ አጥብቁ ብዬ እናገር ነበር። ስነጫነጭ ስነጫነጭ አፌ ደርቆ ምላሴ ላንቃዬ ላይ ተጣበቀ።

ብርቱካን ከቦርሳዋ የውሃ ጠርሙስ አወጣች። «እማ፣ ከጠዋት ጀምሮ አልጠጣሽም» አለች።

«ቤት ስንደርስ እጠጣለሁ።»

ክዳኑን ከፍታ አፌ ላይ አስጠጋችው። «አይሆንም» አለች። «ስትውጪ ልየው።»